የአክስቴ ካፖርትና የእኔ ምርመራ

አክስቴ ከእናታቸው የወረሱትንና ለዓመታት በቁም ሣጥናቸው ጥግ ያኖሩትን ጥቁር የፀጉር ካፖርት አውጥተው «ይህ የባሕር እንስሳ ፀጉር ነው፤ ይኸው ተጽፎበታል» ባሉኝ ጊዜ፣ ስለ አሮጌ የፀጉር ልብሶች ሦስት ሌሊት ሙሉ ሳነብ ሰንብቼ ስለነበር ዝም ማለት አልቻልኩም። አጉሊ መነጽርና ክብሪት ይዤ፣ ካፖርቱን አልጋ ላይ አስተኝቼ፣ እንደ ሐኪም ቀረብኩት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ፀጉሩ የእንስሳ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ የሚለው ነበር። አንዲት ፀጉር ነቅለው ሲያቃጥሏት የእንስሳ ከሆነች እንደ ተቃጠለ የራስ ፀጉር ትሸትና አመድ ሆና ትፈረፈራለች፤ ሰው ሠራሽ ከሆነች ግን ቀልጣ ትንሽ ጠንካራ ፍሬ ትሆናለች። ከአንገቱ ላይ አንዲቱን አነሣሁ፣ ለኮስኩ፣ አሸተትኩ፤ ከዚያም ጉሮሮዬን ጠርጌ «ያለ ጥርጥር እውነተኛ ነው» ብዬ አወጅኩ። አክስቴ አመዱን ተመለከቱና «እሷ እኮ የእኔ ናት» አሉ። እውነትም የካፖርቱ ፀጉር እንደ ከፋይ አጥሮ የተከረከመ ሲሆን፣ እኔ ያቃጠልኳት ግን ስንዝር ተኩል ትሆን ነበር፤ ይህን ያህል ፀጉር የሚያወጣ የባሕር እንስሳ ቢኖር ሹሩባ ሳይሠራ አይቀርም።

ውርደቴን ለመሸፈን ፀጉሩን በሁለት ጣቶቼ ፈልቀቅ አድርጌ ሥሩን ሳየው፣ የበቀለው ከጨርቅ ሽመና ሳይሆን ከቆዳ ላይ ነበር። ክብሪቱ ከመጀመሪያውም አላስፈለገም።

ቀጥሎ የመጣው የእንስሳው ማንነት ነበር። ገበሩ ላይ የተሰፋው ጽሑፍ «ሃድሰን ሲል» ይላል፤ «ሲል» በእንግሊዝኛ የአንድ የባሕር እንስሳ ስም በመሆኑ አክስቴ ያመኑት ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ይህ ነጋዴዎች ያወጡት የማሞካሻ ስም ሲሆን፣ ዕቃው መስክራት የሚባለው በረግረግ የሚኖር አይጥ መሰል እንስሳ ሆኖ፣ ረዣዥሙ የላይ ፀጉሩ ተነቅሎ፣ ለስላሳው የውስጥ ፀጉሩ ተከርክሞና ጥቁር ቀለም ተነክሮ «ሲል» እንዲመስል የተደረገ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣችው ሕግ የእንስሳው ትክክለኛ ስም በልብሱ ላይ እንዲጻፍ ስላዘዘች፣ የአክስቴ ካፖርት ከዚያ በፊት የተሰፋ ይመስላል። ይህን ሁሉ በኩራት ዘርዝሬ ስጨርስ አክስቴ «ባጭሩ አይጥ ነው?» አሉኝ። «የአይጥ ዘመድ» ብዬ ለማለዘብ ሞከርኩ፤ አልለዘበም።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ እኔ ግን የካፖርቱን ደኅንነት ወደ መመርመሩ አለፍኩ። ከአንገቱ ሥር ብል የላጣቸው ሁለት ክብ ቦታዎች አገኘሁ፤ የሚበላው የሚበርረው ብል ሳይሆን ትሉ መሆኑን ለአክስቴ ማስረዳቴም ምንም አላጽናናቸውም። ከብል የባሰው ግን የቆዳው መድረቅ ነው፤ ቆዳ በዕድሜና በሙቀት ቅባቱን ካጣ ፀጉሩ እያብረቀረቀ ሳለ ከሥር እንደ ወረቀት ይቀደዳል። ገበሩ ከታች ጠርዙ ላይ ክፍት ስለነበር ቆዳውን ይዤ በቀስታ አጠፍ ሳደርገው፣ ጤነኛ ቆዳ ድምፅ የማያሰማ ሲሆን፣ ይህኛው ግን ኮሽ አለ። ኮሽታውን የሰማ ሰው ካፖርቱን መልሶ ይሰቅላል። እኔ ደግሞ ጫናው የሚበዛው ብብት አካባቢ መሆኑን አንብቤ ስለነበር «እትዬ፣ ለብሰውት አንድ ክንድዎን ትንሽ ያንሱልኝ» አልኳቸው። አይጥ የተባለችው ነገር ገና አልበረደችላቸውምና ሁለቱንም ክንዳቸውን በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ወረወሩት።

የቀኝ እጅጌው ከብብቱ እስከ ክርኑ ተተረተረ። አጉሊ መነጽሬን አንሥቼ የተቀደደውን ቆዳ ለማየት ጎንበስ ስል፣ አክስቴ የተንጠለጠለውን እጅጌ አንዴ፣ እኔን አንዴ አዩና «ሲል ነው ብለህ ብትተወው ኖሮ አይቀደድም ነበር» አሉኝ።