ደፍ ላይ የቆመ ሕዝብ

ሰሞኑን ስለ አብዮት የማነበው የሰውን ባህልና ማኅበራዊ ኑሮ ከሚያጠኑት ከአንትሮፖሎጂስቶች ነው፤ የፖለቲካ ታሪክ ሥልጣን ከማን ወደ ማን እንደተሻገረ ሲነግረኝ፣ እነርሱ ግን ሕዝቡ በዚያ መካከል ምን ሆኖ እንደሰነበተ ይጠይቃሉ።

ማክስ ግለክማን የደቡባዊ አፍሪካን መንግሥታት አጥንቶ አመፅን ከአብዮት ለይቷል። አመፀኛ ንጉሡን እንጂ ንግሥናውን አይጠላም፤ የሚመኘውም በዚያው ዙፋን ላይ የተሻለ ሰው ማየት ነው። በስዋዚ ነገሥታት ዓመታዊ በዓል በንጉሡ ላይ ጥላቻን የሚገልጹ ዘፈኖች በአደባባይ የሚዘፈኑትም ቅሬታው ወጥቶ ሥርዓቱ እንዲጸና ነው ይላል። በዚህ ሚዛን አብዮት ከተባሉት ውስጥ አመፅ ሆነው የሚቀሩት ጥቂት አይመስሉኝም።

ይበልጥ ያቆየኝ ግን አርኖልድ ቫን ዤኔፕ እ.ኤ.አ. በ1909 ያቀረበው ሐሳብ ነው። ሰውን ከአንድ የሕይወት ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሻግሩ ሥርዓቶች ሦስት ምዕራፍ አሏቸው፦ ከነበሩበት መለየት፣ ደፍ ላይ መቆየት፣ በአዲስ ማንነት ተመልሶ መቀላቀል። የግለክማን ደቀ መዝሙር የነበረው ቪክተር ተርነር በዛምቢያ ንዴምቡዎች ዘንድ ይህንኑ ተከትሎ፣ ደፍ ላይ ያሉት ማዕረጋቸው ተገፎ እኩል እንደሚሆኑና የተለየ አንድነት እንደሚያድርባቸው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2011 በካይሮ ታህሪር አደባባይ፣ ፕሬዚዳንት ሙባረክ ከሥልጣን እስኪወርዱ ባሉት 18 ቀናት፣ ሙስሊሞች ሲሰግዱ ክርስቲያኖች እጅ ለእጅ ተያይዘው የጠበቋቸው በዚህ ዓይነት ስሜት ይመስለኛል።

ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። በማሻገሪያው ሥርዓት ውስጥ ወጣቶቹን የሚመራቸው ሽማግሌ ራሱ በዚያው ያለፈ ስለሆነ መውጫውን ያውቃል፤ በአብዮት ውስጥ ግን ማንም ቀድሞ አላለፈም፤ ስለዚህ «መንገዱ በዚህ ነው» ብሎ ቀድሞ የተናገረ ይከተሉታል። በግብፅ ማዕረጉን ለአንድ ቀን እንኳ ያልገፈፈው ጦሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ሥልጣኑን ሲይዝም ያላንዳች መደናገር ያዘው።

መውጫውን በአዋጅ ለመሥራት የሞከሩም አሉ። የፈረንሳይ አብዮተኞች እ.ኤ.አ. በ1793 ሳምንቱን አሥር ቀን አደረጉት፤ ሠራተኛው ግን በየሰባት ቀኑ ያገኘው የነበረው ዕረፍት ወደ አሥር ቀን ስለራቀበት ብዙዎች እሑድን ማክበራቸውን አልተዉም፤ ናፖሊዮንም ከ1806 መግቢያ ጀምሮ አዲሱን አቆጣጠር ሻረው። ከዚያው አብዮት የተወለደው ሜትር ግን ከብዙ መንገራገር በኋላም ቢሆን ጸንቷል። የቀን አቆጣጠሩ የሕዝቡን ዕረፍት ነክቶ ነበር፤ ሜትሩ የተካው ደግሞ ገበሬው ከአብዮቱ በፊት ጀምሮ ሲያማርርበት የነበረውን፣ ከአንዱ ባላባት ግዛት ወደ ሌላው የሚለያየውን መስፈሪያ ነው።