«በልቻለሁ» ያልኩ ዕለት

እኔ ባደግኩበት ቤት አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር። ሰው ቤት ሄደህ «ምሳ ብላ» ስትባል መጀመሪያ «በልቻለሁ» ትላለህ። ሁለተኛ ሲጠይቁህ «ኧረ በእውነት ጠግቤያለሁ» ትላለህ። ሦስተኛው «በሞቴ!» ሲመጣ እየተግደረደርክ ተነስተህ እጅህን ትታጠባለህ። ከዚያ በኋላ እንደ ልብህ መብላት ነው። በመጀመሪያው ጥሪ ዘሎ ማዕድ ላይ የቀረበ ልጅ እናቱን ያሰድባል። እናቴ ደግሞ መሰደብ አትወድም። ሰው ቤት ስንሄድ ፊት ለፊቴ ትቀመጥና በዓይኗ ትቆነጥጠኛለች። ሦስተኛው ልመና ሲመጣ ዓይኗ ይለቀኛል።

መግደርደር ግን ለብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም። አንዱ ሲግደረደር ሌላው መለመን አለበት። የሚለምን ከጠፋ የሚግደረደረው ጦሙን ያድራል።

ባለፈው እሑድ የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ጀሞ ሄድኩ። አግብቶ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ ቤቱን አላየሁለትም ነበር። ጠዋት ቤቴ ሻይ በዳቦ ብቻ ቀማምሼ ወጣሁ። ሆን ብዬ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ የሚደርስ አጎት ሆዱን ሞልቶ አይሄድም። ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል አንጠልጥዬ ደረጃውን ወጣሁ።

ገና በሩ ላይ ተምታታብን። ሚስቱ እጇን ዘረጋች፤ እኔ ጉንጬን ይዤ መጣሁ። ከዚያ እሷ ጉንጯን ስታመጣ እኔ እጄን ዘረጋሁ። በመጨረሻ የሳምኩት ጆሮዋን ነው። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ ሲባል ጊዜ በክርን ሰላም መባባል ጀመርን። ታክሲውም በግማሽ እየጫነ እጥፍ ያስከፍል ነበር። ታክሲው ብዙም ሳይቆይ ወደ ትርፍ ጭነቱ ተመለሰ። ሰላምታችን ግን እስካሁን መንገድ ላይ ነው። ማን እንደሚስም፣ ማን ቡጢ እንደሚያቀርብ፣ ማን ደረቱን ይዞ ጎንበስ እንደሚል የሚታወቀው ከተጋጩ በኋላ ነው።

ቤቱ ዶሮ ዶሮ ይላል። ድስቱ ይንተከተካል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን ተደርድሯል። ቆጠርኳቸው።

«ጋሼ፣ ምሳ በልተዋል?» አለችኝ ሙሽሪት።

«በልቻለሁ። በልቼ ነው የመጣሁት።»

«በእውነት?»

«ኧረ በእውነት፣ ጥግብ ብያለሁ።»

አሁን እንግዲህ «በሞቴ» ይመጣል። ፊቴን አዘጋጅቼ ጠበቅኩ።

«እሺ በቃ፤ እኛ ግን ርቦናል፣ ይቅርታ እንግዲህ ጋሼ» አለችና ከሦስቱ ሳህኖች አንዱን አንስታ መደርደሪያው ላይ መለሰችው። ቀጭ አለ። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

የእህቴን ልጅ አየሁት። ይሄ ልጅ እኮ በእህቴ ቤት በ«በሞቴ» ያደገ ነው! ሕጉ በደሙ ውስጥ መኖር አለበት። እሱ ግን በኩራት ፈገግ ብሎ «የሷ ነገር ደስ የሚለኝ ይሄ ነው ጋሼ፤ ሰው አታስጨንቅም» አለኝ።

ሰው አታስጨንቅም!

ተስፋ አልቆረጥኩም። በአሽሙር ሞከርኩ። «ሽታው እንዴት ያውዳል» አልኩ። «አመሰግናለሁ፣ ቅቤው የእማዬ ነው» አለች። «እንዲህ ያለ ዶሮ ከበላሁ ስንት ጊዜዬ» አልኩ። «ከባድ ነው አይደል? ለጨጓራም ጥሩ አይደለም» አለች፣ አዝናልኝ። ዶሮዋ ደግሞ የሱፐርማርኬት ቁርጥራጭ ቢሆን ምንኛ በተጽናናሁ። አሥራ ሁለቱም ብልት በሥርዓቱ ወጥቶለታል፤ እንቁላሉ ሳይቀር ወጡ እንዲገባው ቧጠጥ ቧጠጥ ተደርጓል። ፈረሰኛው ለእንግዳ ወይም ለአባወራ ነው። እንግዳው «በልቻለሁ» ስላለ ለአባወራው ሄደ። አባወራው ያ አፍንጫውን ስጠርግለት የነበረው ልጅ ነው። ፊቴ ላይ ጋጠው።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለው ስለ ሹመት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እየበላች አጫወተችኝ። ዘመድ ቤት መሄድ ትፈራ ነበር አሉ። አልፈልግም ስትል ይጨምሩላታል፣ ጠገብኩ ስትል ይቆጧታል፣ ማታ ሆዷን ይዛ ታድራለች። ስለዚህ የራሷን ቤት ስትይዝ ማንንም ላታስገድድ ለራሷ ቃል ገባች። «ሰው አልፈልግም ካለ አይፈልግም ማለት ነው፤ አይደል ጋሼ?» አለችኝ። «ትክክል ነሽ» አልኳት። ሆዴ ጮኸ። ደግነቱ ቴሌቪዥኑ ኳስ ላይ ነበርና ሸፈነልኝ። ልጅቷ እኮ ልክ ናት። ልክነቷ ግን አያጠግብም።

«ቡናስ ይጠጣሉ?» ስትለኝ ከአፏ ነጥቄ «አዎ!» አልኩ። ተስፋዬ በፈንድሻው ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል አንድ ሳህን ፈንድሻ ሳላስታውቅ እጨርሳለሁ ብዬ አሰብኩ። ቡናው ከማሽን ወጣ። አንድ ስኒ። ፈንድሻ የለ፣ ቶና የለ፣ በረካ የለ። ባዶ ሆድ ላይ የወረደ ቡና ምን እንደሚሠራ የቀመሰ ያውቀዋል።

ልሄድ ስነሳ ማታ ፈረንሳይ ሰፈር አክስቴ ቤት እንደሚመጡ ነገሩኝ። እኔም ወደዚያው ነበርኩ። «ራይድ ልጥራልህ ጋሼ?» አለኝ የእህቴ ልጅ። «ኧረ ምን በወጣህ! በታክሲ እሄዳለሁ» አለ ምላሴ፣ እኔን ሳያማክር። «እሺ» አለና በሩን ከፈተልኝ። እነዚህ ልጆች «እሺ» የሚለውን ቃል የት እንደሚያመርቱት እንጃ።

ታክሲ ውስጥ ገብቼ ከኋላ ወንበር ላይ ስቀመጥ የድሮ ጎረቤቴን አየሁት። ጋቢና አጠገብ ነው። እሱም አየኝ። እንደኛ ዓይነት ሰዎች ታክሲ ውስጥ ሲተያዩ ሰላምታ አይቀድምም፤ ሒሳብ ነው የሚቀድመው።

«የሱን እንዳትቀበል!» አልኩት ወያላውን።

«ኧረ በፍጹም! የሱን እንዳትነካ፣ እኔ ነኝ የምከፍል!»

«እኔ ልሙት!»

«እኔ እያለሁ? ምን ነካህ?»

ወያላው ሁለት እጅ መሃል ቆመ። የኔ ብር ከኋላ በሰው ራስ ላይ ተዘረጋ፤ የሱ ከፊት ተንጠለጠለ። መሃል ላይ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ የሰካች ልጅ ተቀምጣለች። ክንዴ ፀጉሯን ሲነካው ጊዜ አንዱን ማዳመጫ አወጣችና «ለምን የየራሳችሁን አትከፍሉም?» አለች።

ታክሲው ጸጥ አለ። የየራሳችን? ያኔ ከጎረቤቴ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን፤ ሁለታችንም እሷን በዓይናችን ገሠጽናት። ከዚያ ወደ ትግላችን ተመለስን።

ወያላው የኔን ብር ሲያየው «ሁለት መቶ? ዝርዝር የለኝም ፋዘር» አለኝ። ክፉ ሰዎች ሆን ብዬ ሁለት መቶ የዘረጋሁ ይመስላቸው ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ባለ ሁለት መቶው ኖት መስከረም 2013 ሲወጣ ለሒሳብ ተሻሚ ሁሉ ትልቅ በረከት ነበር። ትዘረጋለህ፣ ክብርህ ይጠበቃል፣ ዝርዝር ይጠፋል፣ ሌላው ይከፍላል። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ግን ቴሌብር መጣና ይህን ሁሉ አበላሸው።

«ቴሌብር አድርግልኛ!» አለኝ ወያላው።

«ስልኬ ባትሪ ጨርሷል» አልኩ።

በዚህ ቅጽበት ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናት። «የት ደረስክ?» ትላለች፤ ድምፅዋ ደግሞ ያለ ስፒከርም ጋቢና ይሰማል። ባለ ማዳመጫዋ ልጅ ዞራ አየችኝ። ጎረቤቴ ከፈለ።

ሜክሲኮ ስወርድ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈረንሳይ እስክደርስ አልችልም ብዬ አንድ ምግብ ቤት ገባሁና ጥብስ አዘዝኩ። ጥብሱ በሸክላ እየጮኸ መጣ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ አፌ ሳቀርብ የጎን ጠረጴዛ ላይ አንድ ወጣት ያዘዘው እስኪመጣለት ስልኩን ሲነካካ አየሁ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«እንብላ» አልኩት።

እንብላ የሚባለው እንዲባል ነው። መልሱም የታወቀ ነው፤ «ብሉ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይባላል፣ አለቀ። በዚህ ዓይነት በቀን ስንት ሰው «እንብላ» ብዬ ማንም በልቶብኝ አያውቅም።

«እሺ ጋሼ፣ እጄን ልታጠብና መጣሁ» አለ።

ታጥቦ መጣ። እጅጌውን ሰበሰበ። መቼም የቀረበን ሰው ተመለስ አይባል። ደግሞ በሥርዓት ነው የሚበላው፤ በፊት ለፊቱ ብቻ፣ ጣቱን ሳይልስ፣ ሳያንጠባጥብ። ፍጥነቱ ነው የፈጀኝ። እኔ አንዱን ሥጋ ሳላምጥ እሱ አካባቢውን አጽድቶ ድንበሩ ላይ ደርሷል። መሃል ላይ እንዲያውም አጎረሰኝ። በገዛ ጥብሴ!

አስተናጋጇ እሱ ያዘዘውን ክትፎ ይዛ መጣች። በልቤ፣ አሁን የሱን ደግሞ አብረን እንበላለን አልኩ። «እሱን ጠቅልይልኝ፣ ቤት ይዤው እሄዳለሁ» አላት። የራሱን ከፈለ፣ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ቀርቷል እኮ!» አለኝ፣ ፌስታሉን ይዞ ወጣ። ስድብ ነው እንዳልል ከልቡ ነው። ምርቃት ነው እንዳልል ሆዴ አሁንም ባዶ ነው።

አክስቴ ቤት ስገባ ጎረቤቶቿ ቡና ላይ ናቸው። ሁሉም ብድግ ብድግ አሉ።

«ኖር!»

«በእግዜር፣ በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ፣ አፈር ልሁን!»

አገሬ ገባሁ አልኩ። እዚህ ቤት ሕጉ አልተሻረም።

«ምሳ በልተሃል?» አለች አክስቴ።

«በልቻለሁ።»

«ማን ቤት?»

«ጀሞ፣ ከልጆቹ ጋር።»

«ውሸታም! ከንፈርህ ደርቆ? ተነስ ታጠብ!»

ጥያቄው ሦስት ዙር እንኳ አልፈጀም። ማስታጠቢያው መጣ፣ ሞሰቡ ተከፈተ፣ ቀይ ወጥ ከነአይቡ ተገለበጠ። «በሞቴ ይቺን፣ አፈር ስሆን ከዚህ ጎን» እየተባልኩ በላሁ። ሲበቃኝ ሳይቀር ተጨመረልኝ። አክስቴ ምሕረት እንደሌላት አውቃለሁ። «ሐኪም ከልክሎኛል» ያለ ሰው ፊት «ሐኪሙ የኔን ወጥ መች ቀምሶ ያውቃል?» የምትል ሴት ናት። በሌላ ቀን ቢሆን ከእሷ ማዕድ ለማምለጥ ስንት ሰበብ እደረድራለሁ። በዚያ ቀን ግን እጇን መሳም አማረኝ።

ማታ ልጆቹ መጡ። አክስቴ ሙሽሪትን አገላብጣ ስማ፣ አጠገቧ አስቀምጣ፣ ሞሰቡን እንደገና አስከፈተች።

«እትዬ፣ በእውነት በልተን ነው የመጣነው» አለች ልጅቷ።

«እሱንማ ሁሉም ነው የሚለው» አለች አክስቴ። ጉርሻው እየተጠቀለለ ነው። መጠኑን ሳየው እኔም ደነገጥኩ።

«እትዬ ሙች ጠግቤያለሁ! ምሳ ብዙ ነው የበላሁት!»

«ሙች ብለሽማ አትገድይኝ፣ አፍሽን ክፈቺ!»

የእህቴ ልጅ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ልጅቷ ቤቱን ሁሉ ቃኝታ እኔ ላይ አረፈች።

«ጋሼ! እርስዎ ነበሩ እኮ! ስበላ አይተውኛል፣ ይንገሩልኝ!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጎረቤቶቹ ስኒያቸውን አስቀመጡ። አክስቴም እጇን አየር ላይ አቆይታ ምስክርነቴን ጠበቀች።

«እኔ እንጃ» አልኩ፣ ጥርሴን በስንጥር እየጎረጎርኩ። «እኔ ያየሁት ሳህን ሲነሳ ነው።»

«አየሽ?» አለች አክስቴ። የመጀመሪያው ጉርሻ ገባ። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሳትውጠው ሁለተኛው ተጠቅልሎ አፏ ሥር ደርሷል።

«በይ እንጂ የኔ ልጅ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል።»