ሰርዶ፣ ተኝቶ የሚያድግ ሳር

ሰርዶን ቆሞ በማየት ማወቅ አይቻልም፤ ማጎንበስና አንዱን አገዳ ይዞ መሳብ ያስፈልጋል። ከሦስት ሳምንት በፊት ተረግጦ ከጠጠረ የእግር መንገድ ዳር አንዱን አገዳ ጫፉን ይዤ ቀስ እያልኩ ስስበው፣ በየአንጓው ያለው ሥር አፈሩን እየለቀቀ ተከተለኝ፤ ተነቅሎ ሲያልቅም ከክንዴ ይረዝም ነበር። በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ወደ ታች ነጫጭ ሥሮች፣ ወደ ላይ ደግሞ አጫጭር ቅጠሎች ወጥተዋል። ከላይ ሲታዩ ለየብቻ የበቀሉ የሚመስሉት እነዚያ ሁሉ ቡቃያዎች የአንድ ተክል አካል ነበሩ። ስለ ሰርዶ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ይህ ይመስለኛል፦ ሰርዶ ከቁመቱ ይልቅ በስፋቱ የሚኖር ሳር ነው፤ የሚስማማውም ሆነ የሚጎዳው ቦታ ከዚህ አካሉ ጋር የተያያዘ ነው።

ለብዙ ዓመታት የሚኖር ሳር እንደመሆኑ ከዓመት ዓመት የሚሻገረው በሁለት ዓይነት አግድም አገዳ ነው። የመጀመሪያው በመሬት ገጽ ላይ የሚሳበው፣ ፀሐይ ሲያገኘው ብዙ ጊዜ ወደ ሐምራዊነት የሚያደላው አገዳ ነው። ሁለተኛው አፈር ውስጥ የሚሄድ፣ ነጣ ያለ፣ ጫፉ ሹልና ጠንካራ የሆነ አገዳ ሲሆን ቅጠሎቹ ደረቅ ቅርፊት ወደ መሰለ ሽፋን ተለውጠዋል። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ሥር ይለዋል፤ ነገር ግን ሥር አንጓ የለውም፣ ይህ ግን በጣት ሲዳሰስ አንጓው በየተወሰነ ርቀት ይቆጠራል። ልዩነቱ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቡቃያ የሚወጣው ከአንጓው ነውና ሳሩ ስንቁን የሚያከማችበትና ቅጠሉ በውርጭ ወይም በድርቅ ሲቃጠል እንደገና የሚነሣበት ክፍል ይህ ነው። እውነተኛዎቹ ሥሮች ግን ከዚህ በጣም ዘልቀው፣ አፈሩ ከፈቀደላቸው ከ1 ሜትር በላይ ይወርዳሉ። የኮከብ ሳር የሚባሉት የሰርዶ የቅርብ ዘመዶች በመሬት ገጽ ላይ እንደ እሱ ቢሳቡም የአፈር ውስጥ አገዳ የላቸውም፤ ስለዚህ ሁለቱን ለመለየት አስተማማኙ መንገድ መቆፈር ነው።

ቀጥ ብሎ የሚቆመው ክፍል አበባ የሚሸከመው ቀጭን ዘንግ ነው፤ ቁመቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። በጫፉ ላይ ከ3 እስከ 7 የሚደርሱ ቀጫጭን ዛላዎች ከአንድ ነጥብ ተነሥተው እንደ ተዘረጋ መዳፍ ጣቶች ይከፈታሉ። እያንዳንዱን ጣት ገልብጦ ያየ ሰው፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ አበባ ያዘሉ ቅንጣቶች በአንድ ወገን ብቻ በሁለት ረድፍ ተደርድረው ያገኛቸዋል። ስዊድናዊው የእጽዋት ተመራማሪ ሊኒየስ በ1753 ለዚህ ሳር ስም ሲሰጠው «ዳክቲሎን» ያለው ከግሪኩ «ጣት» ወስዶ ነው፤ ሌላው የእጽዋት ተመራማሪ ፐርሱን በ1805 ያዛወረበት ወገን «ሲኖዶን» ደግሞ «የውሻ ጥርስ» ማለት ነው። ጣት መሰል ዛላ ያላቸው ሌሎች ሳሮችም ስላሉ፣ እኔ ሁልጊዜ የማረጋግጠው ቅጠሉ አገዳውን ከሚሸፍነው ሰገባው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አይቼ ነው። ቅጠሉን ወደ ኋላ ቀለበስ አድርጎ በአጉሊ መነጽር ሲታይ፣ ሰርዶ በዚያ ቦታ አጫጭር ነጫጭ ፀጉሮች በመስመር ቆመውለታል፤ ከሚመሳሰሉት ብዙዎቹ ግን በዚያው ቦታ ስስ ገለፈት ነው ያላቸው።

ወደ መኖሪያው ስንመጣ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ብርሃን ነው። ሰርዶ እንደ በቆሎና ማሽላ ሲ-4 በሚባለው የብርሃን አስተጻምሮ መንገድ የሚጠቀም ተክል ስለሆነ በጠራራ ፀሐይና በሙቀት ይበረታል፤ ከ24 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ፈጥኖ ሲያድግ፣ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሲያንስ እድገቱ እጅግ ይዘገያል። በዚህም የተነሣ በሞቃታማና ለብ ባሉ የዓለም ክፍሎች ሁሉ ይገኛል፤ በሐሩር አካባቢም ከባሕር ወለል አንሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። አፈር አያማርጥም ማለት ይቻላል፦ አሸዋማውንም ሸክላማውንም ይይዛል፣ ጨዋማነትን ከብዙ የግጦሽ ሳሮች በተሻለ ይችላል፣ ጎርፍ ቢተኛበትም ለተወሰነ ጊዜ ይታገሣል። በወንዝ ዳር፣ በመንገድ ጠርዝ፣ በከብት በረት ዙሪያና በተጋጠ ሜዳ የሚበዛው እነዚህ ቦታዎች ክፍት ስለሆኑና ረጃጅም ተክሎች ስለማያጠሉት ነው። በዛፍ ሥር ግን ይሳሳል፣ ቀስ በቀስም ይጠፋል።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚለው ተረት የዚህን ሳር ተወዳጅነት ባጭሩ ይነግረናል። ለግጦሽ የሚመቸው የእድገት ነጥቦቹ ከከብት አፍ በታች፣ በመሬት ገጽና በአፈር ውስጥ ስለሚገኙ ነው፤ እስከ አፈሩ ድረስ የተጋጠ ሰርዶ ቅጠሉን እንጂ መነሻውን አያጣም። ለጋ ሳለ ጥሩ ፕሮቲን አለው፤ ሲያረጅ ግን ጥራቱ በፍጥነት ይወርዳል፣ ስለዚህ ለድርቆሽ የሚያጭደው ሰው መዘግየት የለበትም። በአሜሪካ ጆርጂያ፣ በቲፍተን ከተማ የሳር አዳቃዩ ተመራማሪ ግሌን በርተን በ1943 ያወጣው «ኮስታል» የተባለ ድቅል የሰርዶ ዝርያ የሚዛመተው በዘር ሳይሆን አገዳው እየተቆራረጠ በመተከል ነው።

ይኸው ጠባይ በእርሻ ማሳ ላይ ሰርዶን ከዓለም አስቸጋሪ አረሞች አንዱ ያደርገዋል። በእርጥበት ወቅት ማረስ አገዳውን ቆራርጦ በማሳው ውስጥ መበተን ነውና፣ አንጓ ያለው ቁራጭ ሁሉ ራሱን የቻለ ተክል ይሆናል። የተሻለው በደረቅ ወቅት ገልብጦ አገዳውን ለፀሐይ ማስጣት፣ ቀጥሎም ጥቅጥቅ ብሎ የሚያጠላ ሰብል መዝራት ነው፤ የሚያሸንፈው ጥላ መሆኑን አስቀድሜ ጠቅሻለሁና።

ያን ቀን ከነቀልኩት አገዳ አንድ አንድ አንጓ ያላቸው ሁለት ቁራጮች ቆርጬ በሁለት ማሰሮ ተክዬ ነበር፤ አንዱን ፀሐይ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳ ጥላ ሥር አኖርኳቸው። ሁለቱም በቅለዋል። የጥላው ገርጥቶና ቀጥኖ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ተመዝዟል፤ የፀሐዩ ግን ከአፈሩ ከጣት ከፍ ሳይል የማሰሮውን አፍ ተሻግሮ፣ ሁለተኛ አንጓውን ውጭ ባለው መሬት ላይ አሳርፏል።