«60 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው» ብዬ

ወደ ሎንግየርቢየን ለመሄድ ስነሳ፣ ርቀቱን ለማወቅ መጀመሪያ የያዝኩት ማስመሪያ ነው። ከተማዋ የምትገኘው በስቫልባርድ ደሴቶች፣ 78 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ሲሆን ከዋናው የኖርዌይ ምድር የሚያገናኛት መንገድ የለም። መነሻዬ ኦስሎ ነበር። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የዓለም ካርታ ለካሁና፣ ኦስሎ አጠገብ አንድ ዲግሪ ኬክሮስ የያዘውን ስፋት 111 ኪሎ ሜትር ብዬ አባዛሁ። 3,000 ኪሎ ሜትር ግድም መጣልኝ።

ካርታው የመርካተር መሆኑን ልብ አላልኩም። ይህ አሣሣል ከምድር ወገብ በተራቀ ቁጥር መሬቱን እየለጠጠ ይሄዳል፤ ኦስሎ ላይ ሁለት እጥፍ፣ ሎንግየርቢየን ላይ አምስት እጥፍ ገደማ። ከለካሁት ውስጥ አንድ ሺው ኪሎ ሜትር የካርታው ልጠጣ ነው።

ከዚያ ኤክሴል ከፍቼ የሁለቱን አውሮፕላን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ አስገባሁ፤ የምድርን ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ይዤ በሉል ላይ ያለውን አጭር መስመር አሰላሁ። የመጀመሪያው መልስ ቅጥ ያጣ ነበር፤ ኤክሴል ማዕዘን የሚቀበለው በራዲያን ነው፣ እኔ በዲግሪ ሰጥቼዋለሁ። ሲስተካከል 2,014 ኪሎ ሜትር ሆነ። ለነገሩ ይህን ያህል መድከም አያስፈልግም ነበር። ሁለቱ ቦታዎች ከሞላ ጎደል በአንድ የሰሜን–ደቡብ መስመር ላይ ስለሆኑ፣ የኬክሮሳቸውን ልዩነት 18 ዲግሪ በ111 ማባዛት ብቻውን ወደ 2,000 ያደርሳል። በኬንትሮስ ግን ይህን ዘዴ እንዳትሞክሩ፤ 60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ የአንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ስፋት የ111 ኪሎ ሜትር ግማሽ ያህል ብቻ ነው።

በረራው የሚፈጀውን ሰዓት ለማግኘት የጄቱን ፍጥነት በሰዓት 820 ኪሎ ሜትር ያዝኩ፤ ሁለት ሰዓት ከ27 ደቂቃ። በዚህ ላይ ለመንደርደሪያው ጉዞ፣ ለመውጣትና ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ጨመርኩ። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀረው።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ትኬት ስቆርጥ ነው። በሰሜን ኖርዌይ ባለችው በትሮምሶ ከተማ በኩል የሚያልፍ በረራ አገኘሁ። ርቀቱን ደመርኩ፤ ከኦስሎ ትሮምሶ 1,116፣ ከትሮምሶ ሎንግየርቢየን 958፣ በድምሩ 2,074። ከቀጥታው የሚበልጠው በ60 ኪሎ ሜትር ነው። በአየር ላይ ይህ የአራት ደቂቃ ተኩል ጉዳይ ነውና ሳላመነታ ቆረጥኩ።

ያቺ የጨመርኳት ግማሽ ሰዓት ግን የምትከፈለው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በበረራዎች ብዛት ነው። ሁለት ጊዜ መነሳት፣ ሁለት ጊዜ ማረፍ። ደግሞ ስቫልባርድ ከሼንገን ክልል (ያለ ድንበር ቁጥጥር ከሚዘዋወሩባቸው የአውሮፓ አገሮች) ውጭ ስለሆነ ትሮምሶ ላይ ከነእጅ ሻንጣችን ወርደን ለፓስፖርት ቁጥጥር ተሰለፍን፤ ተመልሰንም እዚያው አውሮፕላን፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከበር እስከ በር አራት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። (ለሼንገን ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ፣ ስትመለሱ እንደ አዲስ ገቢ ስለምትቆጠሩ ሁለት ጊዜ የሚያስገባውን ጠይቁ።)

ስመለስ ቀጥታውን ያዝኩ። አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲነቃነቅ ሰዓቴን አየሁ፤ ኦስሎ ደርሶ ሲቆም ደግሜ አየሁ። ከስሌቴ ያለፈው በስድስት ደቂቃ ነው።