ክሪኬት የገባኝ በሼን ዋርን በኩል ነው

ሜልቦርን እየኖራችሁ ክሪኬትን ለመረዳት ሞክራችሁ የተዋችሁት ካላችሁ አልፈርድባችሁም። ሁሉም የሚያስረዳው ከሕጉ ጀምሮ ነው፤ ሕጉ ደግሞ ተነግሮ አያልቅም። እኔ ሕጉን ወደ ጎን ተውኩት። አንድ ተጫዋች መርጬ የጨዋታ ዘመኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል አየሁ። ሕጉ በየመሃሉ ራሱ መጣ። የመረጥኩት ሰው ሼን ዋርን ነው።

ታክሲ ነው የምነዳው። ቱላማሪን ኤርፖርት ወረፋ ስንጠብቅ ፑንጃቡ፣ ፓኪስታኑ፣ ሲሪላንካው፣ ሶማሌውና ሐበሻው አንድ ግቢ ውስጥ ነን። ዲሴምበር ሲገባ ወሬው ሁሉ ክሪኬት ይሆናል። ስለ አርሴናል ብታወራ የሚሰማህ የለም። አብረውን የሚሠሩ አንድ ጋሼ ሬዲዮውን ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ልጄ፣ አምስት ቀን ሙሉ ተጫውተው፣ ምሳ በልተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ አቻ ወጡ ይባላል?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? የገና ጨዋታችንም እዚህ ላይ አይረዳም። ሩሯና ዱላው ቢመሳሰሉም ሌላው ሁሉ ለየቅል ነው።

ዋርንን የመረጥኩት የዚሁ ከተማ ልጅ ስለሆነም ነው። ኤምሲጂ ስታዲየም ደጃፍ ሐውልቱ ቆሟል። ዋናው ምክንያቴ ግን አለመፍጠኑ ነው። ፈጣን ወርዋሪዎች ኳሷን በሰዓት 140 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይለቋታል፤ ለጀማሪ ዓይን አትያዝም። ዋርን ሌግ ስፒነር ነው፤ ኳሷን በፍጥነት ሳይሆን በማሽከርከር (በስፒን) የሚያታልል ወርዋሪ። ጥቂት እርምጃ ተራምዶ፣ የእጁን አንጓ ጠምዝዞ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይለቃታል። ኳሷ አየር ላይ ስትንሳፈፍ ታያለህ። ነጥራ ወዴት እንደታጠፈች ታያለህ። መቺው ልምታት ልተዋት እያለ ሲያመነታም ታያለህ። ጨዋታው የሁለት ሰዎች መሸዋወድ መሆኑ የገባኝ ከዚህ ነው።

የጀመርኩት ካልሆነለት ቀን ነው፤ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ልጁ መጀመሪያ የተመኘው የአውስትራሊያን ፉትቦል ነበር። ሴንት ኪልዳ የተባለው ክለብ በወጣት ቡድኑ አጫውቶት በ1988 አሰናበተው። ክሪኬት የተረፈችው ነገር ነበረች። በጃንዋሪ 1992 ሲድኒ ላይ ከሕንድ ጋር ለአገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። 45 ኦቨር ወረወረ፤ 150 ራን አስቆጠሩበት፤ ያስወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ራቪ ሻስትሪ፣ ያውም 206 ራን ካስቆጠረ በኋላ። ቁጥሩ እንዲገባኝ መጠየቅ ነበረብኝ። ራን ማለት ነጥብ ነው፤ አንድ ኦቨር ደግሞ ስድስት ውርወራ። ስለዚህ ሰውየው 270 ጊዜ ወርውሮ አንድ ሰው አስወጣ ማለት ነው! ዊኬት፣ ማለትም አንድን መቺ ማስወጣት፣ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም።

ያቃናው ቴሪ ጄነር ነው። ጄነር ራሱ ለአውስትራሊያ 9 ቴስት (እስከ አምስት ቀን የሚፈጀው የአገሮች ጨዋታ) የተጫወተ ሌግ ስፒነር ነበር፤ በኋላ ገንዘብ አጉድሎ ታስሮ ወጣ። አደላይድ ላይ ተገናኙና አሰልጣኝም አማካሪም ሆነለት። በዚያው በ1992 መጨረሻ፣ ኤምሲጂ ላይ፣ ዋርን ከዌስት ኢንዲስ (ከካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን) በአንድ የመምታት ተራ 7 ሰው አስወጣ።

ከዚያ ወደ ጁን 4 ቀን 1993 መጣሁ። ቦታው ኦልድ ትራፎርድ ነው፤ የማንቸስተር ዩናይትድ ሳይሆን የክሪኬቱ። ሰዉ ሁሉ «የክፍለ ዘመኑ ኳስ» የሚላት ይቺ ናት። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ከሁሉ አስቀድመው በስልክ ያሳዩኝ እሷን ነበር። ኳሷ ነጠረች፣ ከመቺው ጀርባ ከተተከሉት ሦስት እንጨቶች አንዱን መታች፣ መቺው ወጣ፣ ታዲያ ምን ይጠበስ? ሻስትሪን ካየሁ በኋላ ስመለስባት ግን ሌላ ነገር ሆነች። ዋርን እንግሊዝ ላይ በአሽስ (በእንግሊዝና በአውስትራሊያ የቴስት ፉክክር) ሲወረውር ይህ የመጀመሪያ ኳሱ ነው። የሚመታው ማይክ ጋቲንግ ነው፤ ስፒን በመጫወት የተመሰከረለት። ኳሷ ቀጥ ብላ ትሄድና አየር ላይ ወደ እግሩ በኩል ታዘነብላለች። ከእግሩ ወዲያ፣ ከእንጨቶቹ መስመር ውጭ ትነጥራለች። በሕጉ እዚያ የነጠረች ኳስ እግሩን ብትመታው እንኳ ኤልቢደብሊው (ወደ እንጨቱ የምትሄድን ኳስ በእግር መከልከል) ተብሎ አይወጣም። ስለዚህ ጋቲንግ አልተጨነቀም፤ እግሩንና ዱላውን አስቀድሞ ዘጋ። ኳሷ ግን ታጥፋ በዱላው ጎን አለፈችና በወዲያኛው በኩል ያለውን እንጨት ጫፍ መታች። ጋቲንግ ምን እንደሆነ ሳይገባው ቆሞ ቀረ። እኔ ግን ገባኝ፤ ማንም አንብቦ ያልጨረሰው የሚባለው ኤልቢደብሊውም አብሮ ገባኝ።

እዚህ ላይ አንድ ምክር። የምርጥ ምርጥ ቅንጭብ አትዩ። ቅንጭቡ የሚያሳየው ሰው ሲወጣ ብቻ ነው፤ ዋርን ግን ሰውን የሚያስወጣው ከዚያ በፊት በነበሩት አራትና አምስት ኳሶች ነው። አንዷን ሰፋ አድርጎ ይለቃል፣ አንዷን ያሳጥራል፣ መቺው «አወቅኩት» ሲል ቀጥ ያለችውን ይልክበታል። ሙሉ ኦቨሮችን ፈልጉ። ሜዳ ላይ የቆሙትንም ተመልከቱ፤ አንድ ተጫዋች ቦታ ሲቀየር ወጥመድ እየተዘረጋ ነው። ይህ ከለመደላችሁ በኋላ ሬዲዮ ይበቃል። ለእኛ ሥራ ደግሞ ሬዲዮ የመሰለ የለም።

አንድ ቀን የሚፈጀውን ዓይነት የተማርኩት ከ1999 የዓለም ዋንጫ ነው። ግማሽ ፍጻሜው ላይ አውስትራሊያ 213፣ ደቡብ አፍሪካም 213። ዋርን 4 ሰው አስወጣ፤ አውስትራሊያ ቀደም ባለው ዙር በያዘችው ደረጃ አለፈች። በፍጻሜው ፓኪስታንን ሲያሸንፉም የጨዋታው ኮከብ እሱ ነበር። ፓኪስታናዊው ጓደኛችን ይህ ሲነሳ መኪናው ውስጥ ይገባል።

ጻድቅ ነበር አልላችሁም። ለሕንዳዊ አቋማሪ ስለ አየሩና ስለ ሜዳው ነግሮ ገንዘብ ተቀብሏል። ቅጣቱ በ1995 በምስጢር ተከፍሎ፣ ነገሩ በ1998 ወጣ። በ2003 የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሲል የተከለከለ ሽንት የሚያሸና ኪኒን ተገኘበትና አንድ ዓመት ታገደ። እናቴ ናት የሰጠችኝ አለ። ግቢያችን ውስጥ ይህን ሰበብ የሚያምን ብዙ ሰው አላገኘሁም። እኔ በበኩሌ ይህን ዘመን መዝለል አይገባም ባይ ነኝ፤ ቀጥሎ የመጣው ያለሱ አይገባም። በ2004 ተመልሶ ሲሪላንካ ላይ በሦስት ቴስት 26 ሰው አስወጣ። በ2005 አሽስ 40 ሰው አስወጥቶም አውስትራሊያ ተሸነፈች። በአምስት ቀን ጨዋታ አንድ ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ብቻውን እንደማያሸንፍ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላየሁም።

ሲመታም ደፋር ነበር። በቴስት 3,154 ራን አስቆጥሯል፤ አንድም ቀን ግን 100 አልሞላም። ትልቁ 99 ነው። ያን ቀን ያስወጣችው ኳስ ወርዋሪው መስመር አልፎ የለቀቃት፣ በሕጉ ልታስወጣው የማይገባት እንደነበረች በኋላ በቪዲዮ ታየ። ያሳዝናል፣ ያስቃልም።

በዲሴምበር 26 ቀን 2006 በገዛ ከተማው 700ኛውን ሰው አስወጣ። በጃንዋሪ 2007፣ እኛ ለገና ዋዜማ ስንዘጋጅ፣ በጀመረበት ሲድኒ በ708 ዊኬት አቆመ። የሲሪላንካው ሙራሊታራን በኋላ 800 አድርሶታል። ሲሪላንካው የሥራ ጓደኛዬ ይህን ሳያስታውሰኝ አይውልም። ዋርን በማርች 2022 ታይላንድ ላይ በ52 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ዓመት ቦክሲንግ ዴይ (ዲሴምበር 26)፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ50 ላይ፣ ኤምሲጂ የሞላው ሕዝብ ሰፊ ባርኔጣውን አውልቆ አሰበው። ሰዓቱ በእነሱ አቆጣጠር 3፡50 ነው፤ እሱ ለአውስትራሊያ ቴስት የተጫወተ 350ኛው ሰው ስለሆነ።

ስታዲየም ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ቲኬት ስትገዙ ከጎን አትቀመጡ። ከጎን ኳሷ ስትታጠፍ አትታይም። ከወርዋሪው ጀርባ ወይም ፊት ለፊት ቀጥ ያለ ቦታ ያዙ። ኤምሲጂ ላይ በደቡብ በኩል ያለው እንዲህ ያለው ቦታ በራሱ በዋርን ስም የተሰየመው ክፍል ነው። ስፒን ማየት ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን ምረጡ፤ መሃል ያለው መሬት ተረግጦ ሲሰነጣጠቅ ኳሷ በደንብ ትታጠፋለች። ምሳ ቋጥራችሁ ግቡ፤ ቀኑ ረጅም ነው። ጋሼን ዘንድሮ ይዣቸው ልሄድ ነው፤ ሻዩን እሳቸው ችለዋል።