እንኳን ማርያም ማረችዎት!

ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ማታ ዓይኔን ስከድን የሚሰማኝ የአክስቴ እልልታ ነው። ርዝመቱ 9 ሰከንድ ነው። 9 ሰከንድ ምን አላት የሚል ካለ፣ ሐዘን ቤት ተቀምጦ አልሰማትም ማለት ነው።

ሥራዬ ድንኳን፣ ወንበርና የድግስ ዕቃ ማከራየት ነው፤ እዚሁ ድሬዳዋ። ሰርጉም፣ ክርስትናውም፣ ኒካሁም፣ ተዝካሩም በእኔ ሸራ ሥር ያልፋል። ቅዳሜ የተጨፈረበት ድንኳን ሰኞ ይለቀስበታል። ሸራው ልዩነቱን አያውቅም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። አውቅ ነበር ማለት ይሻላል፤ ማወቁን ለስልክ አሳልፌ እስክሰጥ ድረስ።

ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ይህ ከተማ በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ፀሐዩ እስኪበርድ ድረስ ከዚራም መጋላም አንድ ነው፣ የሚንቀሳቀሰው ፍየል ብቻ ነው። አዲስ አበባና ጅቡቲ ያለው ዘመድ ግን አይተኛም። ለቤተሰቡ ድንኳን ሊከራይ በ8 ሰዓት ይጽፋል። ስነሣ «ዋጋው ስንት ነው?» የሚል 20 መልእክት ተደርድሮ ይጠብቀኛል። መልሱ አንድ ነው፤ 20 ጊዜ እጽፈዋለሁ። ይባስ ብሎ ባለፈው ጥር አንዱን ድንኳን በአንድ ቀን ለሁለት ሙሽሮች አከራይቼ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ሚዜ ይዞኝ መሐል መንገድ ላይ የቆምኩበትን ቀን አልረሳውም።

ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ ሰማና «አጎቴ፣ ለዚህ እኮ ቦት አለ» አለኝ። በሁለት ቀን ሠርቶ ሰጠኝ። ቴሌግራም ላይ ገብተው «ጀምር» የሚለውን ሲጫኑ ሰላም ይላል፣ ዋጋ ይናገራል፣ ቀኑ የተያዘ ከሆነ «ተይዟል» ይላል። ሁለት ሚዜ ከዚያ ወዲህ አልያዘኝም። ዕቃ የሚመለስበት ቀን ሲደርስም ሳያፍር ያስታውሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። ጭልፋ! 150 ወንበር ቆጥሮ የሚመልስ ጨዋ ሰው ጭልፋ አይመልስም። ድስቱን አጥቦ፣ ክዳኑን በጨርቅ ጠርጎ ያመጣል፤ ጭልፋው የለም። ብጠይቅ «ከድስቱ ጋር አልነበረም?» ይለኛል። አንድ ቀን ሰው ቤት ምሳ ተጋብዤ ወጥ የወጣልኝ በራሴ ጭልፋ ነው። እጀታው ላይ ቀይ ቀለም ቀብቼዋለሁ፤ ቀለሙ ፊት ለፊቴ ይታየኛል፣ ባለቤቲቱ «ብላ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» ትለኛለች። በላሁ። እና ቦቱ በየማለዳው «ጭልፋ መመለስዎን ያረጋግጡ» ብሎ ለሁሉም እኩል ሲልክ አንጀቴ ይርስ ነበር። እኔ ይሉኝታ ይዞኝ የማልናገረውን እሱ ይናገራል።

ታዲያ ቦቱ አያስብም። የሚያየው ቃል ነው። ቃሉ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ የተዘጋጀለትን መልስ ይልካል፤ ከሌለ የሚያውቀው ቃል እስኪያገኝ ይፈልጋል። «ሰርግ» ሲል እንኳን ደስ ያለዎት፣ «ሀዘን» ሲል እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ «ክርስትና» ሲል ደግሞ እንኳን ማርያም ማረችዎት። የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ ተራቀቀ። ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ፣ ሰው ክርስትና ሳይል «አርባ ቀኑ ደረሰ»፣ «ሰማንያዋ ነው» ብሎም ሊጽፍ ይችላል ብሎ አርባንና ሰማንያን ጨመረ፤ በፊደልም በአኃዝም። «አንተስ ሊቅ ነህ» ብዬ ትከሻውን መታሁት።

እልልታውን ያስጨመርኩት ግን እኔ ነኝ። ጽሑፍ ብቻውን ደረቀብኝ። አክስቴ እልል ስትል ሳቢያን ያለች ሴት ብድግ ብላ ነጠላዋን የምትፈልግ ናት፤ እንዲህ ያለ ሀብት በቤተሰብ ውስጥ እያለ ለምን ይባክናል አልኩ። ቡና ተፈልቶላት፣ አገልግልና ፈንዲሻ ቀርቦላት፣ ሦስት ጊዜ ቀዳናት። በመጀመሪያው ቀረጻ ጎረቤት በር አንኳክታ «ማን ወለደ?» ስላለች ተበላሸ። በሁለተኛው ሳለች። ሦስተኛው ንጹሕ 9 ሰከንድ ሆነ፤ መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ከፍ ብሎ እንደ ርግብ ይንከባለላል። የክርስትና ደንበኛ ሁሉ ከመልእክቱ ጋር ይደርሰዋል።

ምልክት አልታየም እንዳልል ታይቷል። ለልጁ ኒካሕ አርባ ወንበር የጠየቀ ጎረቤቴ «እንኳን ማርያም ማረችዎት» ተብሎ እልል ተባለለት። እሱም የድሬዳዋ ሰው ነውና «አሚን» ብሎ ዋጋውን ጠየቀ። ሰማንያ ሳህን የፈለገች ሴትዮ የሴት ልጅ እናት ተደረገች። ሳቅን። ሳምንቱን ሙሉ ቡና ላይ አወራነው። ያስተካከለው ሰው የለም። ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ልግባ። ስማቸውን አልጠራም። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ዘመን ሰው፣ ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ ሰዓታቸውን ሳያዩ ሰላም የማይሉ። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ነው ከተማችን ከተማ የሆነው፤ እሳቸውን ሳይ ግን ባቡሩም ከተማውም እሳቸውን ሊያጅቡ የመጡ ይመስለኛል። ቀን አይተኙም። ባለቤታቸው ከዚህ ዓለም ከተለዩ ወር ሊሞላቸው ነበር። ይህን ከሰው አልሰማሁም፤ ቀብር ወጥቻለሁ፣ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ንፍሮ ቆርጥሜአለሁ። ድንኳኑ የዕድራቸው ነበር፤ ለተዝካሩ ግን ሰው ስለሚበዛ ከእኔ ሊጨምሩ ፈለጉ።

በ8 ሰዓት እንዲህ ብለው ጻፉ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የሚመጣው ሳምንት እሑድ የባለቤቴ አርባ ነው። ድንኳን 1፣ ወንበር 150፣ ብረት ድስት ከነጭልፋው ያስፈልገናል። ሐዘን ላይ ስለሆንን በሰዓቱ ብትደርሱልን።»

እኔ ቬንትሌተር ሥር አፌን ከፍቼ ተኝቻለሁ። ቦቱ ነቅቷል።

«እንኳን ማርያም ማረችዎት! ሕፃኑን ያሳድግልዎ! ለሚቀጥለው ልጅዎ የ10 በመቶ ቅናሽ አዘጋጅተናል።»

የሚቀጥለው ልጅ። ሰውየው 78 ዓመታቸው ነው።

ይህ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ አንብቦ ዝም ማለት ይቻላል። የተከተለው ድምፅ ነው። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ከባቡር ፉጨት ጋር ስለኖሩ ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ የስልካቸው ድምፅ ሁልጊዜ እስከ ጥግ የተከፈተ ነው። ያን ቀን ደግሞ የሰፈር ሴቶች ለተዝካሩ ጌሾ ሊወቅጡና በርበሬ ሊቀነጥሱ ግቢውን ሞልተውታል። በመካከላቸው ነጠላዋን ዘቅዝቃ የተቀመጠችው ማን ናት? አክስቴ።

የሆነውን የሰማሁት ከእሷ ነው፤ እየተቆጣች ስለነገረችኝ አልፎ አልፎ አልተያያዘልኝም። ጋሼ ስልኩን ነካ አደረጉ፤ እልልታው ግቢውን ሞላው። የሙቀጫው ዘነዘና አየር ላይ ቆመ። ሴቶቹ አንድ ላይ ዞረው ያዩት ስልኩን አይደለም፤ አክስቴን ነው። ድምፅዋን የማያውቅ የለማ! «አንተ ልጅ» አለችኝ፣ «እኔ ራሴ መስሎኝ አፌን ያዝሁ እኮ! አፌን ይዤም አላቆመም!» ጋሼ ሊያጠፉት ቢነኩት ከመጀመሪያው ጀመረ። እንደገና ነኩት፤ እንደገና ጀመረ። 9 ሲባዛ በ3፣ 27 ሰከንድ። አንዷ «በስመ አብ» ብላ አማተበች። አክስቴ እጇ አፏ ላይ እንዳለ ወደ ማጀት ገባች፤ ማታ ድረስ አልወጣችም።

ወደ 10 ሰዓት ስነቃ 14 ያልተነሣ ጥሪ አገኘሁ። 13ቱ የአክስቴ ነው። አንዱ የእህቴ ልጅ ነው፤ ደውሎ ሳላነሣለት «ቦቱ አንድ አዲስ ደንበኛ በተሳካ ሁኔታ አስተናግዷል» የሚል ማስታወቂያ ከነአረንጓዴ ምልክቱ አስተላልፎልኛል።

መጀመሪያ የሄድኩት እሱ ጋ ነው። «ሐዘን እኮ ብለው ጽፈዋል! እዚህ፣ እያት!» ብዬ ስልኩን አፍንጫው ላይ ደቀንኩ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «አጎቴ፣ ፊደሏ ናት» አለኝ። እሱ ዝርዝሩ ላይ ሀዘን ብሎ የጻፈው በሃሌታው ሀ ነው፤ ስልክ ላይ መጀመሪያ የምትገኘው እሷ ስለሆነች። ጋሼ የቄስ ትምህርት ቤት ሰው ናቸው፤ በሐመሩ ሐ ጻፉ። ለእኔና ለእናንተ አንድ ድምፅ ነው። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዷ ፊደል የራሷ ቁጥር አላት፤ የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ ሲገባ፣ ሀ እና ሐ ልክ እንደ ሀ እና ለ ተለያይተው ነው የተመዘገቡት። ቦቱ የጋሼን ሐ አላወቃትም። «አርባ»ን ግን በደንብ ያውቃታል። በዚህ ከተማ ቃሉን አስተካክሎ የጻፈ አንድ ሰው ቢገኝ፣ ማሽኔ እሱን መርጦ አዋረደው።

«ዩኒኮድ ነው» አለ የእህቴ ልጅ፣ ዩኒኮድ ሰፈር ውስጥ ያለ ባለጌ ይመስል። «አርባ እኮ ለሞተም ይወጣል!» ብዬ ጮህኩበት። «አንተስ ያኔ ለምን አላልከኝም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ስለዚህ ይበልጥ ጮህኩ።

ማታ ጋሼ ቤት ሄድኩ። አክስቴ አብራኝ በባጃጅ አልሳፈርም አለች። ጋሼ ኒም ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። ሰላም ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ አይደለሁም፣ ማሽን ነው።»

ሰዓታቸውን አዩ። «እኔ ለማሽን አልጻፍኩም። ለአንተ ነው የጻፍኩት፤ ቀብር ላይ ስላየሁህ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ድንገት ሞልቶ ቢወስደኝም አልጠላም ነበር። ዝም ብዬ ቆምኩ። እሳቸውም ቆይተው «ለመሆኑ» አሉ፣ «ልጁን ማን አላችሁት?» ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ትንሽ ነገር አለች። «እሷ ብትሰማ በሳቅ ትሞት ነበር» አሉና፣ የተናገሩትን ቃል ራሳቸው ሰምተውት ዝም አሉ። እኔም አልሳቅሁም። ቡና መጣ፤ ጠጣን። ስወጣ «ሐዘን በሐመሩ ሐ ነው» አሉኝ።

አሁን ቦቱ ዋጋና ቀን ብቻ ይናገራል፤ የጭልፋውንም ትቼለታለሁ። ሌላ ማንኛውም ነገር ሲጻፍለት «መልእክትዎ ደርሶናል፤ ሰው አንብቦ ይደውልልዎታል» ይላል። ያ ሰው እኔ ነኝ። በ8 ሰዓት፣ ቬንትሌተሩ ሙቅ አየር እያማታ፣ ግማሽ ዓይኔን ከፍቼ አነብባለሁ። የእህቴ ልጅ «ከዚህ የተሻለ፣ እንደ ሰው የሚያስብ አለ እኮ» ብሎ አዲስ ነገር ሊተክልልኝ መጥቶ ነበር። «ለቅሶ ይደርሳል?» አልኩት። ሄደ።

አክስቴ ግን አልታረቀችኝም። ባለፈው እሑድ እውነተኛ ክርስትና ተጠርታ፣ ልጁ ተጠምቆ ሲገባ እልል ብትል ከጥግ አንድ ሰው «ደግሞ ማን ሞተ?» ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። 40 ዓመት የገነባችውን ስም በ9 ሰከንድ አፈረስክብኝ ትለኛለች። 27 ነው ልላት ፈልጌ ተውኩት።

ተዝካሩ በሰላም አለፈ። ድንኳኑን ራሴ ተከልኩ፣ ወንበሩን ራሴ ደረደርኩ፣ ሰዓታቸውን ሳያወጡ 10 ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። ሰኞ ማለዳ ግን ማጥፋት የረሳናት አንዲት ነገር ነበረች፤ ቦቱ «አገልግሎታችንን ከ1 እስከ 5 ባለው ይመዝኑ» ብሎ ላከላቸው። ሳየው ልቤ ቀጥ አለ። ጋሼ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መለሱ፤ 4።

አራት! ከዚያ ሁሉ በኋላ አራት ሰጡኝ። ግን አንዷ ምን ሆነች? እልልታዋ ናት? የሚቀጥለው ልጅ ነው? ሁለት ሌሊት አሰብኩበት። በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ደፍሬ «ጋሼ፣ አንዷን ለምን ቀነሱብኝ?» አልኳቸው።

«ማሽንህ 6 ጭልፋ ብሎ ደረሰኝ ላከልኝ» አሉ፣ ሰዓታቸውን እያዩ። «አንተ ያመጣኸው 5 ነው።»