ዓይኔ እንዳይቀላ ብዬ ያደረግሁት

ግላኮማ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ውስጥ ባለ ከፍተኛ ግፊት የእይታ ነርቭን የሚጎዳ በሽታ፣ እንዳለብኝ በተነገረኝ ዕለት የቀኝ ዓይኔ ግፊት 27፣ የግራው 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነበር፤ እንደ ጤናማ የሚቆጠረው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ነው። ሐኪሙ ላታኖፕሮስት የተባለውን ግፊት የሚቀንስ ጠብታ ማታ ማታ በየዓይኔ አንድ አንድ እንዳደርግ አዘዙልኝ። አጠቃቀሙ አልከበደኝም፤ እጅን መታጠብ፣ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጎ ማንጠባጠብ፣ ከዚያም ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ሁለት ደቂቃ ያህል ጫን አድርጎ መያዝ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን መስታወት ፊት ስቆም ነጩ የዓይኔ ክፍል በቀጫጭን ደም ሥሮች ተሸፍኖ፣ ሲያለቅስ ያደረ ሰው ዓይን መስሎ አገኘሁት። ከባልደረቦቼ አንዱ «ትናንት አምሽተሃል መሰለኝ» ብሎ ሳቀብኝ። መድኃኒቱ በዓይን ገጽ ላይ ያሉትን ደም ሥሮች እንደሚያሰፋ፣ ይህም በብዙዎች ላይ የሚታይና አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት እየቀነሰ የሚሄድ መሆኑን ሐኪሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የሠራሁትን ባልሠራሁ ነበር። በካርቶኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ያን ደቃቅ ፊደል ዓይኑን የታመመ ሰው ያነበዋል ብሎ መጠበቅ ለእኔ ቀልድ ነው።

ቀጠሮዬ አምስት ሳምንት ይቀረው ስለነበር ወደ ፋርማሲ ሄጄ «ዓይኔ ቀላ» አልኩ። ግላኮማ እንዳለብኝ አልተናገርኩም፤ ባለሙያውም አልጠየቀኝም። በሰጠኝ ብልቃጥ ውስጥ ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ፣ ማለትም መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት፣ ነበረበት። በሁለት ቀን ዓይኔ እንደ ወተት ነጣ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ያለማቋረጥ ተጠቀምኩበት፤ እንዲያውም ሰው የማገኝበት ቀን ሲሆን በዋዜማው ላታኖፕሮስቱን መዝለል ጀመርኩ።

በቀጠሮዬ ቀን የቀኙ ግፊት 31 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ደግመው ለኩ፤ ያው 31። ሁለተኛ መድኃኒት ሊጽፉልኝ ብዕራቸውን ካነሡ በኋላ «ሌላ የምትጠቀመው ጠብታ አለ?» አሉኝ። ብልቃጡን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጽሑፉን ወደ መብራቱ አስጠግተው አነበቡና ምንም ሳይናገሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ስቴሮይድ የዓይን ውስጥ ፈሳሽ የሚወጣበትን መንገድ እያጠበበ፣ በተለይ ግላኮማ ባለባቸው ሰዎች ላይ ግፊትን ሊያንር እንደሚችል የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። አስቀድመው ለምን አልነገሩኝም ብዬ ልቆጣ ቃጣኝ፤ ጠብታ መዝለሌን ደብቄ ስለነበር ግን ዝም አልኩ።

ስቴሮይዱን ካቆምኩ በኋላ ግፊቱ ቀስ በቀስ ወደ 18 ወረደ። መቅላቱን ያቃለለልኝ ያው ላታኖፕሮስት ሲሆን፣ ይኸኛው ግን መድኃኒቱ እንዳይበከል የሚጨመረውና የዓይንን ገጽ የሚያስቆጣው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የተባለ ኬሚካል የሌለበት ነው። ስለዚህ «በቀጠሮህ ቀን ንገረን» የሚለውን የተለመደ ምክር አልቀበልም፤ መቅላቱ ያስቸገረው ሰው ጠብታውን ሳያቋርጥ በዚያው ሳምንት ሄዶ ይጠይቅ፤ ሕመም፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም በመብራት ዙሪያ ቀለበት ማየት ካለበት ደግሞ በዚያው ሰዓት ይሂድ። ደም ሥርን አጥብበው ዓይንን ያነጣሉ የሚባሉ ጠብታዎችንም አልመክርም፤ ለብዙ ቀን ተጠቅመው ሲተዉአቸው መቅላቱን ያብሱታል።

በኋላ በተደረገልኝ የእይታ ስፋት ምርመራ በቀኝ ዓይኔ፣ በአፍንጫዬ በኩል፣ የማላይበት ትንሽ ቦታ ተገኘ። በግላኮማ የሄደ እይታ አይመለስም። ከእነዚያ አምስት ሳምንታት የመጣ ይሁን ቀድሞ የነበረ መለየት እንደማይቻል ሐኪሙ ነገሩኝ፤ ጠብታ እዘል እንደነበር የተናዘዝኩትም ያን ቀን ነው።